የጥር ተረኛዋ ከተማ

ከተማ ማኅበር ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው አላልኩም። ከተማ፤ ከነባቡር ጣቢያዋ፣ ከነማዘጋጃ ቤቷ፣ ከነአሥራ ስምንት ሺህ ነዋሪዋ። አላያችሁም። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም ዳባት ውስጥ፣ በቄስ ሀብተ ሚካኤል ግቢ፣ ባለፈው ጥር አሥራ አምስት ቀን ነው። ይህን የምጽፈው ደግሞ አንድ የደባርቅ ባለሆቴል ታሪኩን የራሳቸው አድርገው ማውራት ስለጀመሩና እኔም ዝም ብዬ መስማት ስላልቻልኩ ነው።

ስሜ ያርጋል ነው። ዳባት ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቶሎ ትቆጣለህ ይሉኛል። እውነት ነው፤ ቶሎ የምቆጣው ግን ቶሎ ስለሚያስቆጡኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና መጋቢት ላይ ነው። ደባርቅ ውስጥ ጥቂት ነጋዴዎች ያቋቋሙት የእህት ከተማ አፈላላጊ ኮሚቴ የሚባል አለ። ሊቀ መንበሩ አቶ ላቀው ናቸው፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ያላቸው፣ ድምፃቸው ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ የሚሞላ፣ ማኅተማቸውን በኮት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው። ኮሚቴው ሁለት ዓመት ሙሉ ለፓሪስ፣ ለሮምና ለጄኔቫ ሲጽፍ ኖሮ ከአንዳቸውም መልስ አላገኘም። በመጨረሻ መልስ ሳይሆን ደብዳቤ መጣ፤ ያውም ካልጻፉለት ቦታ። ከፓሪስ በባቡር አርባ ደቂቃ የምትርቅ ሳን ሲር ለ ሙላን የምትባል ከተማ «እህት እንፈልጋለን፤ ማንነታችንን እንድታውቁት ታሪካችንን በአሥራ ሁለት ገጽ ልከናል» ብላ ጻፈች።

አቶ ላቀው ፈረንሳይኛ አያውቁም። ይህ ነውር አይደለም፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ሠርካለምን አስጠሯት። ሠርካለም የቄስ ሀብተ ሚካኤል ልጅ ናት። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምራ ተመልሳ አሥር ዓመት ሙሉ በስሜን ተራሮች አስጎብኚ ሆና የሠራች፣ የዳባት ልጅ። በሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆማ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየች። የተባባሉትን የነገረችኝ እሷው ናት።

«ተራራ አላት?» አሉ አቶ ላቀው።

«የላትም።»

«ቤተ መንግሥት?»

«የላትም። ድሮ ወይን ይተክሉ ነበር። አሁን ቤቶችና የባቡር ጣቢያ ናቸው።»

«ታዲያ ሰው ምን ሊያይ ነው የሚሄድባት?»

«ሰው አይሄድባትም ጋሼ ላቀው። ሰው የሚያልፍባት ናት።»

«እንግዲያው የፓሪስ መኝታ ቤት ናታ!» አሉና ሣቁ። «በይ አንቺው ያልሽውን ብለሽ መልሺላቸው። እኔ ማኅተሙን አሳርፍበታለሁ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ንግግር ያዙልኝ። ወደ እሷ እንመለሳለን።

ሠርካለም ቅዳሜ ከሰዓት ዳባት ወርዳ ወረቀቱን በአባቷ ግቢ አነበበችልን። አባቷ፣ እናቷ ወይዘሮ ውቢትና እኔ ነበርን። ፈረንሳይኛውን በዓይኗ እያየች በአማርኛ ታወራልን ነበር፤ ጥጥ እየፈተሉ እንደሚጫወቱ ሰዎች፣ ሳትቸኩል።

መጀመሪያ ወፍጮ ነበር። ሙላን ማለት ወፍጮ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በአንዲት ጠባብ ወንዝ ዳር አንድ የውሃ ወፍጮና አንድ ቤተ ክርስቲያን ተሠሩ። ሰዎቹ በዳገቱ ላይ ወይን ተከሉ። ጸሐፊው ስለ ወይኑ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ፓሪስ ውስጥ የእኛን ወይን የሚጠጣው ሌላ ያጣ ሰው ብቻ ነበር» ብሏል። ሰዎቹን ያን ጊዜውኑ ወደድኳቸው። ከእኛ ከተሞች በታሪኩ መጽሔት ላይ ጠላችን ይጎመዝዛል ብሎ የሚጽፍ አንድ አምጡልኝ!

ከዚያ ወይኑን በሽታ ገደለው። ባቡር መጣ። ባቡሩም የመጣው ለእነሱ ተብሎ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ቦታ ሲያልፍ መንገዱ ላይ ስላገኛቸው ነው። ቀጥሎ መሬት ሻጮች መጡና የወይኑን እርሻ እንደ ቀበቶ አቅጥነው እየቆራረጡ የፓሪስ ቤት ኪራይ ላቃታቸው ሠራተኞች ሸጡት። ውሃ የለም፣ መንገድ የለም፣ መብራት የለም። የገዙት ጭቃ ነበር። በየጠዋቱ የእንጨት ጫማ አድርገው በጭቃው ውስጥ እስከ ጣቢያው ይመጣሉ፤ ጣቢያው ጥግ ካለው ቡና ቤት ገብተው ጭቃማውን አውልቀው ንጹሑን ይጫማሉ፤ ፓሪስ ላይ ከየት እንደመጡ ማንም እንዳያውቅባቸው። የቡና ቤቱ ባለቤት ሁለት መቶ ጥንድ ጭቃማ ጫማ የሚይዝ መደርደሪያ አሠርቶ ነበር።

ወይዘሮ ውቢት እዚህ ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኛስ?» አሉ። «ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን መጥተን ገበያው አፋፍ ላይ እግራችንን ታጥበን አልነበር የምንጫማ? እነሱም እንዲያ ያፍሩ ነበር ማለት ነው?»

«ያፍሩ ነበር እማዬ።»

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ውቢት። ክፋት አልነበረበትም። አብሮ ያፈረ ሰው ማግኘት ደስ ይላል።

ሠርካለም ቀጠለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጭቃው ማዶ ረጃጅም ሕንፃዎች ተሠሩ። ከፖርቱጋል፣ ከአልጄሪያና ከማሊ ሰዎች መጥተው ገቡባቸው። አጥር ያላቸው ባለ ትንንሽ ቤቶችና አጥር የሌላቸው የሕንፃ ነዋሪዎች ለሃያ ዓመት ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ባለ አጥሮቹም እርስ በርሳቸው ይነታረካሉ፤ የአትክልት አጥር ከሁለት ሜትር እንዳይበልጥ ደንብ አለና በየእሑዱ የጎረቤቱን አጥር በሜትር የሚለካ አይጠፋም። አንድ ቀን ግን ባቡሩ ከእንግዲህ እዚህ አይቆምም ተባለ። ያን ጊዜ ባለ አጥሩም ባለ ሕንፃውም ጠረጴዛና ወንበር ተሸክሞ ወጣ፤ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ ምሳውን በላ። ባቡሩ ዛሬም ይቆማል።

«ነዋሪዎቻችን» ይላል የመጨረሻው ገጽ፣ «ሩቅ አገር ሄደው ከየት ናችሁ ሲባሉ ‘ከፓሪስ’ ይላሉ። ይህ የከተማችን ትልቁ ጉድለት ነው።»

እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አላስቻለኝም። «ስንት የዳባት ልጅ ነው አዲስ አበባ ላይ ከየት ነህ ሲሉት ‘ከጎንደር’ የሚል! ስንት አስተምሬ የላክሁት! ቱሪስቱ መስኮቱን ዘግቶ በመካከላችን እያለፈ ደባርቅ ይገባል፤ እኛም ራሳችንን ዘግተን እናልፋለን!»

«ይቀመጡ መምህር» አሉ ቄስ ሀብተ ሚካኤል። እስከዚያ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ሳን ሲር የሚሉት ማን ነው?»

«አባ፣ ከተማዋ የተሰየመችበት ቅዱስ ነው። ሕፃን ነው። በሦስት ዓመቱ፣ ጠርሴስ በምትባል አገር፣ ከእናቱ ጋር ገዢው ፊት ቀርቦ ክርስቲያን ነኝ በማለቱ ተገደለ ይላል። የእናቱ ስም ዡሊየት ነው።»

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጭራውን ጣሉት። «የሦስት ዓመት ሕፃን? ከእናቱ ጋር? ልጄ፣ እናቲቱ ኢየሉጣ ናት! ይኼ እኮ ቂርቆስ ነው! የኛው ቂርቆስ!»

ወይዘሮ ውቢት እልል አሉ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ፤ አጥራችን ከሁለት ሜትር ያንሳል።

«እንዴት ሞተ ይላሉ?» አሉ ቄሱ።

«ገዢው ከደረጃ ላይ ወርውሮት።»

«ጋኑስ? የፈላው ውሃስ? ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ እሳቱን ያበረደውስ?»

«እሱ የለበትም አባ።»

«ግማሹን ጥለውታል» አሉ በሐዘን። ጥቂት አሰቡና ግን ይቅር አሏቸው። «ምንም አይደል። አገሩ ሩቅ ነው፤ በመንገድ ጠፍቶባቸው ይሆናል።» ቀጥለውም እንደ ቀላል ነገር፣ «የፀጋው ቦታ ክፍት ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ይህን ልንገራችሁ። ዳባት ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ነን። በየወሩ በአሥራ አምስተኛው ቀን አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥራ ሁለት ወር። ከአራት ዓመት በፊት አቶ ፀጋው አረፉ። የእሳቸው ተራ ጥር ነበር፤ ትልቁ ዓመታዊ በዓል። ከዚያ ወዲህ ጥር ባለቤት የለውም። ቄስ ሀብተ ሚካኤል የፈረንሳይ ከተማን በሟች ቦታ ሊያስገቡ ነው ያሰቡት! የሚቀልዱ መስሎኝ ሣቅሁ።

«ምን ያስቅዎታል?» አሉኝ። «ስሙን ተሸክማ ስምንት መቶ ዓመት ያለ ማኅበር ኖራለች። ጠያቂ የላት፣ ተረኛ የላት። ይህ ክርስቲያናዊ ነው?»

ከተማ እንዲህ አይታሰብም ብዬ ልከራከር ነበር። አፌን ከፍቼ ሳለሁ ግን፣ ስለ እህት ከተማ ካወሩት ሰዎች ሁሉ እህት ማለት ምን እንደሆነ የገባቸው እኚህ ቄስ ብቻ እንደሆኑ ተረዳሁና ዘጋሁት።

ሚያዝያ አሥራ አምስት ቀን ነገሩ ለማኅበሩ ቀረበ። ሠርካለም ሐቀኛ ስለሆነች የከተማዋን ዓርማም አብራ አሳየች። ባታሳይ ይሻል ነበር። ዓርማው ላይ ራቁቱን የሆነ ሕፃን ትልቅ የዱር አሳማ ላይ ተቀምጧል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ አቶ ሚናስ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ደግመው አደረጉ። «ይኼ የተቀመጠበት ምንድን ነው?»

«የዱር አሳማ ነው» አለች ሠርካለም።

ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ማኅበርተኛችን ወይዘሮ እስከዳር ብቻ፣ «ልብስስ ለምን አላለበሱትም? አገሩ ብርድ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ሠርካለም አስረዳች። በእነሱ ዘንድ የሚነገረው አንድ ንጉሥ አደን ላይ ሳለ አሳማ ሊገድለው ሲመጣ በሕልሙ ያ ሕፃን ደርሶ አሳማው ላይ ወጥቶ አስገዛለት የሚል ነው። እኔም ተቀበልኳት። «ቅዱስ ጊዮርጊስስ ከዘንዶ ጋር አይደለም እንዴ የሚሣለው? ዘንዶ ንጹሕ እንስሳ ነው?»

«መምህር» አሉ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፣ «ጊዮርጊስ ዘንዶውን ረገጠው እንጂ አልተፈናጠጠውም።»

«አባ፣ ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው! በምን ክብደቱ ይርገጠው?»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ፤ ቄሱም ሣቁ። አቶ ሚናስ ሣቁ እስኪበርድ ጠበቁና ፈረዱ። «ሕፃኑ ይግባ። አሳማው ደጅ ይቆይ።» በአንድ ድምፅ አለፈ።

ሠርካለም ደብዳቤውን ጻፈች። ስለ ቂርቆስ፣ ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ ጥር ተራ፣ ስለ ዳባት ምንም ሳትደብቅ ጻፈችና አቶ ላቀው ዘንድ ወሰደችው። አቶ ላቀው ፈረሙበት፤ ማኅተማቸውንም አሳረፉበት። ምን ይላል ብለው አልጠየቁም። የደባርቅ ሊቀ መንበር ፈረንሳዮቹን የዳባት ማኅበርተኛ አድርገው ፈርመው ላኩ!

መልሱ በሃያ ቀን መጣ። የጻፉት ማዳም ሶላንዥ የሚባሉ የከንቲባዋ ምክትል ናቸው፤ አሮጌው ወፍጮ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ሆኗልና እሱንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «በስምንት መቶ ዓመት ውስጥ የትም ግቡ ብሎ የጠራን የለም» ይላል ደብዳቤው። «ተራችንን ተቀብለናል። ምን ይዘን እንምጣ?»

ሠርካለም አንድ ቃል መለሰች፦ «ዳቦ።»

በዚያ ክረምት አሥራ ሁለቱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰችው። ተራሮቹ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ካምፕ ላይ ጉም እንግዶቿን ድንኳን ውስጥ ሲያስቀምጥባት እሷ ከስካውቶቹ፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጣ ትጽፋለች። ስካውቶቹ የሐዲዱን ምሳ ታሪክ አምስት ጊዜ አስነብበዋታል። እኔ ሦስት ቦታ ብቻ አርሜያለሁ፤ የቀረው የእሷ ነው። ሽፋኑ ላይም «ተርጓሚ፦ ሠርካለም ሀብተ ሚካኤል» ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ቅጂ ለኮሚቴው ስትሰጥ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም የፈለገችው ምን ነበር? አንድ ቀን ለእናቷ ስትነግር ሰምቻለሁ። «አሥር ዓመት ሙሉ የሰው አገር ሰው አገሬን ሲያይ ቆሜ ጠበቅሁ። እኔም አንድ ቀን ያንን ወፍጮ ባየው።» ይኸው ነው። ወፍጮ ማየት።

እንግዶቹ ጥር ላይ መጡ፤ ሰባት ናቸው። ጥምቀትን ጎንደር ላይ አይተው ወደ ደባርቅ ዘለቁ። እንደተለመደው በዳባት አለፉ፤ ይህን ግን ይቅር ብያለሁ፤ መርሐ ግብሩን ያወጡት አቶ ላቀው ነበሩና። በጥር አሥራ አምስት ጠዋት በሆቴሉ አዳራሽ አቀባበል ተዘጋጀ። ምሳ እዚያው፣ ከሰዓት በኋላ ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት። ዳባት የሚል ቃል የትም የለም። እኔ በኋላ ወንበር ተቀምጫለሁ። ሠርካለም መድረኩ ጥግ ለማስተርጎም ቆማለች።

አቶ ላቀው ወረቀት ይዘው ተነሡ። ገና ከሩቅ አወቅሁት፤ የሠርካለም ጽሑፍ ነው። ሽፋኑ የለም። የስቴፕለሩ ሽቦ ሥር የተቀደደ የወረቀት ጥግ ብቻ ቀርቷል።

«እኔ ባደረግሁት ሰፊ ጥናት» አሉ አቶ ላቀው፣ ያንን አዳራሽ በሚሞላ ድምፃቸው፣ «የእህት ከተማችንን ታሪክ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።»

ሠርካለም ፊቷ ቀላ። አልጮኸችም። «ሰፊ ጥናት አድርጌያለሁ ይላሉ» ብላ በፈረንሳይኛ አስተረጎመች። ይህን በኋላ ስትነግረኝ እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ብሆን ወንበር እወረውር ነበር።

አነበቡ። ወፍጮውን፣ መናኛውን ወይን፣ ጭቃውን፣ ጫማውን። ቀድመው እንዳላነበቡት ያስታውቃል፤ የሐዲዱ ምሳ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ተገርመው «እንዴ!» ብለዋል። አዳራሹ ይሥቃል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ አቶ ላቀው ይግላሉ። እንዲያ እንደጋሉ የመጨረሻዋን አንቀጽ ገቡባት፤ ሠርካለም ከማኅበሩ ውሳኔ በኋላ የጨመረቻትን።

«በዚህም መሠረት» አሉ፣ «ሳን ሲር ለ ሙላን የዳባት ቅዱስ ቂርቆስ ማኅበር አሥራ ሁለተኛ አባል ሆና፣ ጥር አሥራ አምስት ቀን በቄስ ሀብተ ሚካኤል ቤት ተራዋን...»

ቆሙ። ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

ሠርካለም ግን ቃል ሳትጥል አስተረጎመች። ማዳም ሶላንዥ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ስድስቱም አብረዋቸው ተነሡ። አንድ ወፍራም ሰው ከጠረጴዛው ሥር ትልቅ ሻንጣ ጎትቶ አወጣ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ላቀው። «ምሳው! ጭላዳው!»

«ጋሼ ላቀው፣ ተራቸው ነው» አለች ሠርካለም። «እርስዎ የፈረሙት።»

መኪናዎቹ እኔንም ጭነው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዳባት ገቡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የቱሪስት መኪና ዳባት ላይ ቆሞ መስኮቱን ሲከፍት አየሁ።

በሩ ላይ ትንሽ ችግር ተፈጠረ። እንግዶቹ ባንዲራቸውን ዘርግተው መጡ፤ ባንዲራው ላይ ሕፃኑና አሳማው። ቄስ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን እንደያዙ መንገድ ዘጉ። «ከወገቡ በታች እጠፉት» አሉ። ሠርካለም አስተረጎመች። ማዳም ሶላንዥ ባንዲራውን አይተው፣ ቄሱን አይተው፣ ሣቅ እያነቃቸው አጠፉት። ሕፃኑ ገባ። አሳማው እጥፋቱ ውስጥ ቀረ።

ባለ ሻንጣው ካሪም ይባላል፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አባቱ ከአልጄሪያ የመጡ። ከሻንጣው የመኪና ጎማ የሚያህል ክብ ዳቦ አወጣ። ከተጋገረ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ቄሱ ባርከው በጣታቸው ሲያንኳኩት ኳ ኳ አለ።

«ይህን ለመቁረስ ሰማዕት መሆን ያስፈልጋል» አሉ።

በትልቁ ቢላዋ ሁለት ሰው ተጋግዞ ቆረሰው። ውስጡ ግን ለስላሳ፣ ኮምጠጥ ያለ ነበር። ወይዘሮ ውቢት ቀመሱና ዓይናቸው ፈጠጠ። «እርሾ አለው! የእናቴ እርሾ ነው የሚሸት!» ካሪም እርሾው ከአባቱ የወረሰው መሆኑን ተናገረ። ቀኑ ሳያልቅ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ጓዳ ገብተው እርሾ ተለዋወጡ። ካሪም ጠላ አይጠጣም፤ ወይዘሮ ውቢት ያልፈላ ብርዝ ቀዱለት። ማዳም ሶላንዥ ከቦርሳቸው አንድ ጥንድ አሮጌ የእንጨት ጫማ አወጡ፤ ከዚያ ከቡና ቤቱ መደርደሪያ የተረፈ። ወይዘሮ እስከዳር አገላብጠው አዩት። «ሴትዮዋ እግሯ እንደኔ ትንሽ ነበር» አሉ፤ ለብዙ ጊዜም ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

አቶ ላቀውም ተከትለው መጡ። ሊቃወሙ ነበር የመጡት። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ቁራሽ ሰጧቸው፤ አንድ ዋንጫ አስከተሉላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከሁሉ በላይ ሲያጨበጭቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ለዝማሬ ጥሩ ነው። ይህን አልክድም።

ሲመሽ ማዳም ሶላንዥ ጽዋውን ለየካቲቷ ተረኛ ለወይዘሮ እስከዳር አስተላለፉ። በአማርኛ «ለዓመቱ ያድርሰን» አሉ፤ ሠርካለም አስጠንታቸው ነበር። ጎረቤት የነበረው ባለ ሱቅ አንዱን እንግዳ ከየት ነህ ቢለው ሰውየው «ከሳን ሲር» አለ። ፓሪስ አላለም! እኔም እዚያው ቆሜ ሰማሁ፤ ዓይኔ ውስጥ የገባው አቧራ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሳን ሲር ደብዳቤ መጣ። እነሱ የሕፃኑን በዓል በሰኔ ያከብራሉ። «ታሪካችንን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሰው በእንግድነት ጋብዘናል፤ በአሮጌው ወፍጮ ተገኝቶ እንዲያነብልን» ይላል። የሰውየው ስም አልተጻፈም፤ ደብዳቤዎቹ ሁሉ በአንድ ፊርማ ስለሄዱ ስሙን ኮሚቴው እንዲሞላ ባዶ ቦታ ተትቷል። አቶ ላቀውም ሞሉት። በራሳቸው ስም። ሙሉ ልብስም እያሰፉ ነው፤ ልብስ ሰፊው የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

ሠርካለምን ለማዳም ሶላንዥ አንድ መስመር ጻፊ አልኳት። «ራሴን ጥሩኝ ብዬ አልጽፍም መምህር» አለችኝ። ጮህኩባት። አሁንም አልጽፍም አለች። ነገ ጠዋት አሥራ አንድ ሆላንዶች ይዛ ወደ ሳንቃ በር ትወጣለች። እንግዲህ እሷ ካልጻፈች እኔ እጽፋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩ።

አቶ ላቀው፣ ግንቦት አሥራ አምስት ቀን የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ቤቴን ያውቁታል፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አጥሩ ከሁለት ሜትር ያነሰው። ዳቦ አለ፣ ጠላ አለ፣ ወንበር አዘጋጅቼልዎታለሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ፣ ያቺ የሩቋ አሥራ ሁለተኛዋም በስልክ፣ ተሰብስቦ ይጠብቅዎታል። የፈረንሳይኛው ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ይኖራል። የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ አንብበው በአማርኛ ይንገሩን፤ ከቻሉ ሻንጣዎን እስከ መኪናው እኔ እሸከማለሁ። ካልቻሉ ግን በዚያ አዳራሽ በሚሞላ ድምፅዎ፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱልን፦ ያንን ታሪክ የተረጎመው ማን ነው? ሽፋኑንስ ማን ቀደደው?